ሶርሱ የሌለንን ላይብረሪ ከኮዳችን ጋር እንዴት ሊንክ እናረጋለን

ፒያሳ ላለ አንድ ሱቅ ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም በሲ ስሰራ የፕሪንተሩ አቅራቢ የሰጠኝ ሄደር ፋይል (የፋንክሽኖቹ ስም ዝርዝር) እና ዶት ኤ ላይብረሪ (ኮምፓይል የተደረጉ ፋይሎች ጥቅል) ብቻ ነበር፣ ሶርስ ኮድ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ "አንዲፋይንድ ሪፈረንስ" (የተጠራው ፋንክሽን አልተገኘም) እያለ አላልፍ ሲለኝ ኮምፓይለሩን፣ ጂሲሲን አጥፍቼ እንደገና አወረድኩ፣ የሞላሁት ፓኬጅ አለቀ፣ ኤረሩ ግን ያው ነው። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

የራሳችሁን ኮድ በጂሲሲ ዳሽ ሲ ወደ ዶት ኦ (ኮምፓይል የተደረገ ግን ገና ያልተገጣጠመ ፋይል) ቀይሩት፣ እሱ ቀላል ነው። የተሰጣችሁን ደሞ በኦብጅደምፕ ዳሽ ኤፍ እዩት፣ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተሰራ ይነግራችኋል፣ ለኤአርኤም የተሰራ ከሆነ ለኢንቴል ላፕቶፕ አይሆንም፣ ሌላ ጠይቁ።

ከዛ ኤንኤም፣ ላይብረሪው ውስጥ ያሉትን ስሞች የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው። ይሄን ሳታዩ ምንም አትንኩ። የምትጠሩት ፋንክሽን አጠገብ ትልቁ ቲ ካለ እዛው ውስጥ አለ፣ ትልቁ ዩ ብቻ ካለ ግን ላይብረሪው ራሱ ከሌላ ቦታ እየፈለገው ነው። ኮዳችሁ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ላይብረሪው ሲ ከሆነ ሲ ፕላስ ፕላስ የፋንክሽኑን ስም እንዳይቀይርባችሁ ሄደሩን ኤክስተርን ሲ ውስጥ ክተቱት።

አሁን ሁለት ቀን የበላኝ ቦታ፣ ቅደም ተከተሉ። ዶት ኦ ፋይል የትም ብታስቀምጡት ሙሉውን ይገባል፣ ዶት ኤ ግን እንደዛ አይደለም። የጂሲሲ የተለመደው ሊንከር (ፋይሎቹን አንድ ፕሮግራም አርጎ የሚያገጣጥመው) ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፣ ልክ ዝርዝር ይዞ መርካቶ እንደወረደ ሰው፣ ዶት ኤው ጋ ሲደርስ እስከዛ ሰአት የጎደለውን ብቻ አንስቶ ያልፋል፣ ተመልሶ አይመጣም። እኔ ላይብረሪውን ከሜይን በፊት ጽፌው ነበር፣ ሊንከሩ እዛ ሲደርስ ገና የጎደለው ነገር ስላልነበረ ምንም ሳያነሳ አለፈ። ስለዚህ ፈላጊው ይቅደም፣ ተፈላጊው ይከተል፣ ማለትም መጀመሪያ ሜይን ዶት ኦ፣ ቀጥሎ የፕሪንተሩ ላይብረሪ፣ መጨረሻ ላይ እሱ ደሞ የሚፈልገው። ሁለት ላይብረሪ እርስ በርስ የሚፈላለጉ ከሆነ ብቻ ሊንከሩ እየተመላለሰ እንዲያያቸው በስታርት ግሩፕና ኤንድ ግሩፕ እሰሯቸው። ሁሉንም እዛ ውስጥ የሚከቱ ልጆች አይቻለሁ፣ አልወደውም፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ ሳታውቁት ትቀራላችሁ።

አንድ ነገር ደሞ። ኤረሩ ውስጥ "አይሶሲ23" የሚል ስም ካያችሁ የቅደም ተከተል ጉዳይ አይደለም፣ ላይብረሪው ጂሊብሲ (የሊኑክስ ዋናው የሲ ላይብረሪ) 2.38 ወይም ከዛ በላይ ባለው ማሽን ላይ ነው ኮምፓይል የተደረገው። ለምሳሌ የሱቁ ኮምፒውተር ኡቡንቱ 22.04 ከሆነ ያለው 2.35 ነው፣ ስለዚህ አቅራቢውን በ22.04 ወይም ከዛ በቆየ ሲስተም ላይ ኮምፓይል አርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፣ ስትጠይቁም የሱቁን ኮምፒውተር ቨርዥን ንገሩት እንጂ የራሳችሁን ላፕቶፕ አይደለም።