በክረምት ቅዳሜ ምሳ ይዞ እንጦጦ ለሚወጣ

በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ቅዳሜን እንጦጦ ላይ ለማሳለፍ የሚያስብ ሰው በጠዋት ምሳውን ይዞ ቢወጣ ይመረጣል። ሆኖም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ከፍታ ሽሮው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ እንጀራውም በላስቲክ ውስጥ አልቦ ይጣበቃል።

ምሳ ዕቃውን በፈላ ውኃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ ያህል ካቆያችሁ በኋላ ውኃውን ድፉትና ገና የሚንተከተከውን ሽሮ ወዲያውኑ ጨምሩበት፤ ክዳኑን ገጥማችሁም በጋቢ ደራርባችሁ ጠቅልሉት። ቀዝቃዛ ዕቃ የወጡን ሙቀት ይሻማል፣ የሞቀ ዕቃ ግን ይህን አያደርግም፤ በጋቢው እጥፋት መካከል የሚቀረው አየር ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ያቆየዋል። (ከምሳ በኋላ ብርድ ሲመጣ ጋቢው ይለበሳል።) እንጀራውን በደንብ ካቀዘቀዛችሁት በኋላ ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ትኩሱን በላስቲክ ካሰራችሁት እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ መልሶ ያርሰዋል። ሽሮው ወፈር ቢል ይሻላል፤ ቀጭን ሽሮ ታክሲ ውስጥ መፍሰሱ አይቀርም።

ይህን ዘዴ ለሥጋ ወጥ አልመክርም፤ ለብ እንዳለ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ ለሆድ አስጊ ነው።