የሮስተሩ ድምር አልገጥም ሲል

የስምንተኛ ክፍል ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) በኤክሴል ስሠራ የሁሉም ተማሪ ድምር ከእውነተኛው እያነሰ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ቀመሩን ደግሜ ጻፍኩ፤ የሴሎቹን ዓይነት ወደ «ነምበር» ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የአንዲትን ልጅ ውጤት በካልኩሌተር ስደምር የጎደለው 87 ሆነ፤ ልክ የሒሳብ ውጤቷ! ጠጋ ብዬ ሳይ የሌሎቹ ትምህርቶች ቁጥሮች ወደ ቀኝ፣ የሒሳቡ ግን ወደ ግራ ተጠግቷል። ከሌላ ፋይል ሲገለበጥ እንደ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ የኤክሴል የመደመሪያ ቀመር «ሰም» (SUM) ደግሞ ጽሑፍ አይደምርም።

መፍትሔው ይህ ነው፦ ባዶ ሴል ላይ 1 ጽፌ ኮፒ አደረግኩ፤ የሒሳቡን ውጤቶች መርጬ ከ«ፔስት ስፔሻል» ውስጥ «መልቲፕላይ»ን (ማባዛትን) መረጥኩ። ቁጥሮቹ ወዲያው ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ደረጃውም ተስተካከለ። ካርድ ሳይታደል በመድረሴ እፎይ አልኩ። ያልተፈተነ ተማሪ ባዶ ሴል ግን ወደ 0 ስለሚለወጥ፣ እሱን ሳትመርጡ እለፉት።