ሀ ሁን ይወጣዋል፣ ማንበብ ግን አልቻለም

ጅማ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ወላጆች ደጋግመው የሚነግሩኝ ይህንን ነው፦ «ሀ ሁን ሽምድድ አድርጎ ይወጣዋል፤ መጽሐፍ ስሰጠው ግን ድርቅ ይላል።» ልጁን ሰነፍ አትበሉት። መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሚሰናከል እንወቅ።

የፊደል ገበታውን አንሱት። በተርታ ከጠየቃችሁት ዜማው ይመራዋል። ሃያ ያህል ፊደላት በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉ፤ አደበላልቃችሁ አንድ በአንድ አሳዩት። ሲሳሳት አታርሙት፣ ያለውን ብቻ መዝግቡ። «ሰ»ን «ለ» ካለ ቅርጹ ተምታቶበታል። እንዲህ የሚመሳሰሉትን በአንድ ቀን አታስተምሩት፤ አንዱ ሲጸና ወደ ሌላው እለፉ። «ሊ»ን «ላ» ካለ ግን ቤቱን (የ«ለ» ተራ መሆኑን) ያውቀዋል፣ የጠፋበት ቅጥሉ (ድምፁን የሚለውጠው ምልክት) ነው። ሉ፣ ቡ፣ ሱን ደርድሩና ጎናቸው ላይ ያለችውን ጭረት በጣቱ ያስነካ። ሌ፣ ቤ፣ ሴ ላይ ደግሞ እግራቸው ሥር ያለችውን ቀለበት።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሳድስ (የየቤቱ ስድስተኛው ፊደል) ነው። ል፣ ም፣ ር፣ ን የየራሳቸው መልክ አላቸው፤ የጋራ ምልክት የላቸውም። አማርኛ ደግሞ ያለ ሳድስ አይሄድም። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እዩት፣ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው! ስለዚህ ሳድስን ለብቻው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስጠኑት።

እዚህ ጅማ አንድ ነገር አትርሱ። ብዙ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ማንበብ የጀመሩትም በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል)። አጭር ታሪክ በቁቤ አስነብቡት። ያለችግር ካነበበ ማንበብ ይችላል ማለት ነው፣ የቀረው ፊደሉን መልመድ ብቻ ነው። ይሄ ልጅ ቶሎ ይደርሳል፣ አይዟችሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ያስቸግረዋል። በቁቤ ድምፅ ሲጠብቅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፤ በአማርኛ ምንም ምልክት የለውም። «እመጣለሁ አለ» ላይ «አለ» ይላላል፣ «ዳቦ አለ» ላይ ይጠብቃል። እንዲህ ያሉትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያነበባችሁ አሰሙት፤ ለብቻ የተጻፈ ቃል አይረዳውም።

ወደ መርካቶ ስትወርዱ የሱቅ ታፔላ ያንብብላችሁ። በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ያመሳክር።

በቁቤም በፊደልም እኩል ከተቸገረ፣ ወይም ደብተሩን አፍንጫው ድረስ ካስጠጋ፣ ጥናት ከመጨመራችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። ጆሮውም ይታይ።