ኮምፒውተሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ስታገናኙ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

መኪናዬ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር የገጠምኩ ዕለት ሙዚቃው ጥርት ብሎ ሲወጣ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ። ከስፒከሩ ቀጭን ፉጨት መጣ። ነዳጅ ስሰጠው ፉጨቱ አብሮ ይቀጥናል፤ ሳነሳ አብሮ ይወርዳል። የድምፅ ገመዱን ሁለቴ ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! ጥፋቱ ገመዱ ላይ አልነበረም።

ማሳው ላይ ነበር፤ ማለትም ኔጋቲቭ ገመዱ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ። የኮምፒውተሩን ኔጋቲቭ ዳሽቦርዱ ስር፣ የአምፕሊፋየሩን (ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያጎላውን ዕቃ) ደግሞ ከኋላ ወንበር ጀርባ አስሬዋለሁ። ቦዲው አንድ ብረት ስለሆነ ልዩነት ያለው አይመስልም። ግን የዲናሞው ኃይል በዚያው ብረት ስለሚመላለስ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ያ ልዩነት በድምፅ ገመዱ በኩል መንገድ ያገኛል፤ አምፕሊፋየሩም ሥራው ነውና አጉልቶ ያሰማችኋል። መፍትሔው ሁለቱንም አንድ ቦታ ማሰር ነው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፣ በቡሎን አጥብቁት። የአምፕሊፋየሩ የማሳ ገመድ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

የምትጠቀሙት ላፕቶፕ ከሆነ ቀላል መፈተሻ አለ። ሞተሩ እየሠራ ቻርጀሩን ንቀሉት። ፉጨቱ ወዲያው ከጠፋ ችግሩ የማሳ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የማሳ ድምፅ ማጥፊያ የምትባለውን ትንሽ ዕቃ ገዝቶ መሃል ላይ ይሰካል። ፉጨቱን ታጠፋለች፤ ርካሿ ግን ቤዙንም ይዛው ትሄዳለች። እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው የማደርጋት።

ሁለተኛው ስህተት የሪሞት ሽቦው ነው። አምፕሊፋየሩ የሚነሳው በዚህ ሽቦ 12 ቮልት ሲደርሰው ነው። በቀጥታ ከባትሪ ካገናኛችሁት ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል፤ ጠዋት መኪናው ላይነሳ ይችላል። ከቁልፉ ጋር ካገናኛችሁት ደግሞ አምፕሊፋየሩ ከኮምፒውተሩ ቀድሞ ይነቃል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስፒከሩ «ዱም!» ይላል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ለስፒከሩ ጥሩ አይደለም። ለመኪና ኮምፒውተር ተብለው የሚሠሩ ብዙ ፓወር ሰፕላዮች ዘግይቶ 12 ቮልት የሚሰጥ የአምፕሊፋየር መውጫ አላቸው፤ እሱን ተጠቀሙ። ከሌለው ከዩኤስቢ በሚወጣ 5 ቮልት የምትሠራ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አስገቡና 12 ቮልቱን እሷ ትክፈተው። 5 ቮልቱን ራሱን ሪሞት ላይ አትሰኩ፤ አይበቃውም።

ጌይን፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ የሚገባለትን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው ማዞሪያ፣ ቮልዩም አይደለም። የኮምፒውተር አረንጓዴ ጃክ (የድምፅ መውጫ ቀዳዳው) የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ቮልት ነው። ድምፁ ያነሰ ሲመስለን ጌይኑን እስከ ጫፍ እናዞረዋለን፤ ከዚያ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ሙዚቃው ይሰነጠቃል፣ ትዊተሩም (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ሊቃጠል ይችላል። ጌይኑን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የኮምፒውተሩን ቮልዩም 80 በመቶ ገደማ አድርጉት። ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መልሱትና እዚያው ተዉት።

ለሰብዉፈር (ለቤዝ ስፒከሩ) ብለው የግራና የቀኝ ድምፅ መውጫዎችን የሚያጣምሩም አሉ። አንዱን መውጫ ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ ሁለት መውጫዎችን አንድ ላይ ማሰር ግን አይቻልም፣ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። ግራውን ለግራ፣ ቀኙን ለቀኝ ስጡት፤ ብዙ የሰብዉፈር አምፕሊፋየሮች ራሳቸው ይቀላቅሉታል።

የድምፅ ገመዱንና ወፍራሙን የባትሪ ገመድ ጎን ለጎን አትውሰዱ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይሂድ።

ፊውዝ ላይ ግን እባካችሁ አትቸኩሉ። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው ራሱን አምፕሊፋየሩን ነው። ከባትሪው የሚነሳው ገመድ መሃል ላይ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ እሳት ይነሳል። ስለዚህ ከባትሪው 45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ሌላ ፊውዝ ይግባ። ሥራ ስትጀምሩ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ ሁሉም ታስሮ፣ ናስትሮው ተጠቅልሎ ካለቀ በኋላ ፊውዟን በመጨረሻ ክተቷት።