የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ ራሱን እንዲንከባከብ የሚያግዝ ባለሙያ እንዴት ይሰለጥናል?

መጀመሪያ ሠልጣኞቹን አንድ ሒሳብ አሠሯቸው። በዓመት 8,760 ሰዓት አለ። የስኳር ታካሚው በየወሩ ቀጠሮ መጥቶ 15 ደቂቃ ቢያገኝ፣ በዓመት ባለሙያ ፊት የሚቀመጠው 3 ሰዓት ነው። 8,757ቱን ሰዓት ራሱን የሚያክመው እሱ ነው። ምን እንደሚበላ፣ መርፌውን መቼ እንደሚወጋ፣ እግሩ ላይ የወጣችውን ቁስል ችላ ይበላት አይበላት፣ ሁሉም በእሱ እጅ ነው።

አዳራሽና አበል አያስፈልጋችሁም። እንዲያውም ሆቴል ውስጥ የሚሰጥ የ3 ቀን ሥልጠና ለዚህ ጉዳይ አይመቸኝም። ከሰዓት በኋላ ታካሚ ሲቀንስ፣ በሳምንት 2 ሰዓት፣ ለ6 ሳምንት ሞክሩት። ከ12 ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው። ነርሱም፣ ጤና መኮንኑም፣ ፋርማሲ ያለችውም ይግቡ። ታካሚው ብዙ ጊዜ ለፋርማሲዋ የሚነግራትን ለሐኪሙ አይነግረውም።

ሥልጠናው ሳይጀመር ያሉበትን እወቁ። ታካሚዋን አስፈቅዳችሁ የምርመራ ክፍሉ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሰዓት ያዙ። ባለሙያው ስንት ደቂቃ አወራ? እሷስ? «መድኃኒትዎን በትክክል እየወሰዱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማችሁም ቁጠሩ። መልሱ መቼም «አዎ» ነው። ባለሙያ ፊት «አይ» ማለት ነውር የሚመስላቸው እናቶች ሞልተዋል። ቁጣም ይፈራሉ።

ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ጥያቄውን መቀየር ነው። «ኪኒን መርሳት የብዙ ሰው ችግር ነው፤ እርስዎስ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጥዎት?» ብለው ይልመዱ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው መርሳቱን ለመናገር አያፍርም።

ይህን በንግግር አታስተምሩት፤ ይጫወቱት። ሁለት ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ነርስ፣ አንዱ ታካሚ። «ታካሚው» ምስጢር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይያዝ። «ጸበል ገብቼ መድኃኒቱን ካቆምኩ 2 ሳምንት ሆነኝ።» «ኪኒኑን ለጎረቤቴ እያካፈልኩ ነው።» «ጾም ይዣለሁ፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም።» «ነርሷ» ሳትቆጣና ሳትመክር ምስጢሩን ካላወጣችው እንደገና ይጀመር። ምክር የለመደ ሰው ዝም ብሎ መስማት ምን ያህል እንደሚከብደው እዚህ ላይ ይታያል።

ጾሙ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡ። «አይጹሙ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ግን ይጾማሉ፤ የሚተዉት ለእናንተ መንገሩን ነው። ዓብይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን ደግሞ ወር ሙሉ። ባለሙያው ጾሙ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ «ዘንድሮ ምን አስበዋል?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ። መጾሙ አደገኛ ከሆነ በግልጽ ይናገር፤ የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኩን ማማከር ይፈልጉ እንደሆነም ይጠይቅ። የሚጾሙ ከሆነ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ሐኪም ያስተካክል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ማዞር ከመጣ፣ ወይም በመለኪያው የደም ስኳሩ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከወረደ፣ ጾሙ እዚያው ይፈታል። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት።

ቀጥሎ ታካሚው የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲናገር ማድረግ ይምጣ። «ገባዎት?» የሚለውን ጥያቄ ከክፍሉ አግዱት። በምትኩ «በደንብ ማስረዳቴን ላረጋግጥ፤ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ይነግሯታል?» ይባል። ፈተናው የባለሙያው ነው፤ እናትየው ከተሳሳቱ እሱ ደግሞ ያስረዳል።

ከዚያ ዕቅድ። «ጨው ይቀንሱ» ዕቅድ አይደለም፤ ድስቱ የመላው ቤተሰብ ነውና። «ከሰኞ እስከ ዓርብ የእኔን ወጥ ጨው ሳይገባበት ቀንሼ አስቀራለሁ» ቢሉ ግን ዕቅድ ነው። ሐሳቡም ከታካሚዋ አፍ ይውጣ። ከዚያ «ይህን እንደሚያደርጉት ከ10 ስንት ይተማመናሉ?» ተብለው ይጠየቁ። ከ7 በታች ከሆነ ዕቅዱ በዝቷልና ይቀነስ፤ ከ5 ቀን ወደ 2 ቀን ይውረድ።

በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬት ሎሪግና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት የ6 ሳምንት ትምህርት በእንዲህ ያለ ሳምንታዊ ዕቅድ ይታወቃል። እዚያ ከሚያስተምሩት ውስጥ ራሳቸው ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች አሉ። እናንተም አንዱን ቀን ለታካሚ ልቀቁ። ማቀዝቀዣ ሳይኖራት የጀመረችውን ኢንሱሊን በሸክላ ማሰሮ ቀዝቃዛ ጥግ ላይ የምታቆይ ሴት ከየትኛውም ስላይድ በላይ ታስተምራለች። የትራንስፖርቷን መክፈል እንዳትረሱ።

መርፌ አወጋግና የእግር ምርመራም በእጅ ይሠራ፤ ይኼኛውን ባለሙያዎቹ ስለሚያውቁት ብዙ አይወስድም።

ካርዱ ላይ ደግሞ «የታካሚው ዕቅድ» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ። እሷ ከሌለች በሚቀጥለው ቀጠሮ ተረኛዋ ነርስ «ያቺ የጨው ነገር እንዴት ሆነች?» ብላ መጠየቅ አትችልም።

ከ3 ወር በኋላ ያው ጥግ ላይ፣ ያንኑ ሰዓት ይዛችሁ ተቀመጡ። ታካሚዋ የምታወራበት ደቂቃ ጨምሯል? ሰርተፍኬቱን ያን ጊዜ ስጡ።