ከቦሌ ዋሽንግተን፦ የበረራ ሰዓት ስንቆጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዲሲ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የሚሄደውም፣ እዚያ ሆኖ የሚቀበለውም ይጠይቃል። ብዙ ሰው ግን ሲያሰላው ይሳሳታል።

ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ መተው

ከቦሌ እስከ ደለስ አየር ማረፊያ በአጭሩ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ስታካፍሉት 13 ሰዓት አይሞላም። ስትመለሱ ስሌቱ ብዙም አያሳፍራችሁም። ስትሄዱ ግን ጉድ ይሠራችኋል።

ምክንያቱ ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጥራቸዋል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ዋሽንግተን ድረስ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ማረፊያው ይቀያየራል፤ ደብሊን የነበረበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። በክረምታቸው ደግሞ ይብሳል። ለመሄጃ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ብትይዙ ይሻላል።

ካርታ ላይ ማስመሪያ ማሳረፍ

ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ ቀጥታው መንገድ ሰሃራን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ በምዕራብ አፍሪካ በኩል ወደ አትላንቲክ የሚወጣ ይመስላል። መሬት ግን ክብ ናት። አጭሩ መስመር ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ በሜዲትራኒያንና በአውሮፓ በኩል ያልፋል።

የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው መቀነስ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ነው። እንበል፣ በሐምሌ ከቦሌ 22:30 ተነስታችሁ በማግስቱ 08:00 ደረሳችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። የ7 ሰዓቱን ልዩነት ስትጨምሩበት 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች ሁለተኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም።

የእኩለ ሌሊቱ ትኬት

ይሄኛው ነው ኪስ የሚጎዳው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:45» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:45 ነው፤ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ እየጎተተ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው ውሎ አድሯል። ለእናትና ለአባት ትኬት የምትልኩ ልጆች፣ የፈረንጁን ቁጥር ብቻ አትላኩ። «ሰኞ ማታ ከቤት ውጡ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉላቸው።

ደለስ ሲደርሱ ጉዞው አለቀ ማለት

ወደ ሲያትል ወይም ዳላስ የሚቀጥል ሰው ኢሚግሬሽን ያልፋል፣ ሻንጣውን ተቀብሎ መልሶ ያስረክባል። ሰልፉ እንደ ዕለቱ ነው። ለሚቀጥለው በረራ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ መተው ቁማር ነው፤ እኔ ከሦስት ሰዓት አላሳንስም። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሆናችሁ የምትቀበሉም አትቸኩሉ። አውሮፕላኑ አረፈ ሲባል ከቤት ብትወጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳው ገና ሻንጣ እየጠበቀ ትደርሳላችሁ።