በስቱዲዮ የተቀዳ መልእክት የድርጅት ስልክ ላይ እንዴት ይጫናል?

መልእክቱን ጥሩ ድምፅ ያለው ባለሙያ አንብቦታል። ስቱዲዮው ፋይሉን ልኳል፣ ኮምፒውተር ላይ ስትሰሙትም ጥርት ያለ ነው። የስልክ ሲስተሙ ላይ ልትጭኑት ስትሞክሩ ግን ወይ አልቀበልም ይላል፣ ወይ ይቀበልና ደውላችሁ ስታዳምጡት በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ስቱዲዮውም ሲስተሙም ጥፋት የለባቸውም። ፋይሉ ለስልክ አልተዘጋጀም፣ በቃ።

ተራ የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ በየቦታው የሚሠራበት ጂ.711 የተባለው የ1972 ኮዴክ (ድምፅ ወደ ዲጂታል የሚቀየርበት ስልት) ድምፁን በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። ከስቱዲዮ የሚመጣው ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ናሙና ያለው፣ አንዳንዴም ስቴሪዮ የሆነ ነው። ትርፉ የግድ ይቆረጣል። እንግዲህ ጥያቄው ማን ይቁረጠው ነው፤ እናንተ ከቆረጣችሁት ውጤቱን ሰምታችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ለሲስተሙ ከተዋችሁት ግን ያገኘውን ይዞ ይሄዳል።

ከሚቆረጡት መካከል «ስ»ን ከ«ፍ» የምንለይበት ቀጭን ድምፅ ይገኝበታል። ስለዚህ የድርጅቱ ስም እንዲህ ያሉ ፊደሎች ካሉበት አንባቢው ረገጥ አድርጎ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ እንዲያነበው ከቀረጻው በፊት ንገሩት። ወፍራም የሚያምር ድምፅም ስልክ ላይ ግርማው ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የታችኛው ክፍል አያልፍም። የአንባቢ ድምፅ ስትመርጡ የንባብ ናሙናውን በስልክ አስደውላችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

ለስቱዲዮው ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት ነገር አለ። እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው ፋይል ይሁን፤ ሁሉም በአንድ ረጅም ፋይል ከመጣ መቁረጡ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ዋናውን ሙሉ ጥራት ያለውን ቅጂ ተቀበሉ፣ ከቻሉ የስልክ ቅጂም ይጨምሩላችሁ። ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ እንዳያስገቡ ንገሯቸው። ኮምፒውተር ላይ ደስ ይላል፣ ስልክ ላይ ግን ሙዚቃውም ንግግሩም ይበላሻል፤ በተለይ መስመሩ ጂ.729ን የሚጠቀም ከሆነ፣ ያ ኮዴክ የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ ሙዚቃውን ያፈራርሰዋል። ከመጀመሪያው ቃል በፊት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዝምታ ይኑር፣ አለዚያ መስመሩ እስኪገናኝ ድረስ «እንኳን» ጠፍቶ «ደህና መጡ» ብቻ ይሰማል።

የመልእክቶቹ ዝርዝር ላይም አትቸኩሉ። ሰላምታውንና ሜኑውን ማንም አይረሳም። የሚረሱት «የተሳሳተ ቁጥር ተጭነዋል» የሚለው፣ ደዋዩ ምንም ሳይጫን ሲቀር የሚሰማው፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚለው፣ የበዓል ቀን መልእክቱና ወረፋ ላይ ላለ ሰው የሚባለው ናቸው። እነዚህ ካልተቀዱ ሲስተሙ አብሮት የመጣውን ድምፅ ያስገባል፣ ደዋዩም በመሃል ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ ሲያናግረው ግራ ይገባዋል። ሜኑው ላይ ደግሞ አገልግሎቱ ይቅደም፣ ቁጥሩ ይከተል፦ «ለሽያጭ 1ን ይጫኑ»። ሰው የሚፈልገውን ከሰማ በኋላ ነው ቁጥሩን የሚይዘው።

አሁን ወደ ፎርማቱ። የትኛውን እንደሚፈልግ የሲስተሙ መመሪያ ይነግራችኋል፣ ብዙ ቦታ የሚያስኬደው ግን ይሄ ነው፦ ዌቭ ፋይል፣ ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ድምፅ)፣ 8 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 8000 ናሙና)፣ 16 ቢት፣ ሞኖ። አስተሪስክ፣ ፍሪፒቢኤክስና ስሪሲኤክስ የተባሉት የስልክ ሲስተሞች በዚህ ይስማማሉ። አንዳንድ የሲስኮ የድምፅ መልእክት ሲስተሞች ደግሞ ሚዩ-ሎው የተባለውን የጂ.711 ዓይነት፣ 8 ቢት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። «ዌቭ» ማለት ዕቃው ነው እንጂ ይዘቱ አይደለም፤ ሁለት ፋይሎች ሁለቱም ዌቭ ሆነው አንዱ ሊሠራ ሌላው ሊመለስ ይችላል። የኤምፒስሪ ፋይልን ስም ቀይሮ ዌቭ ማለትም ምንም አይፈይድም። ኤምፒስሪ የሚቀበሉ ሲስተሞች አሉ፣ ግን ድምፁ አንዴ ተጨምቆ መጥቶ እንደገና ስለሚጨመቅ ዋናው ቅጂ እያለ ባትጠቀሙበት ይሻላል።

ለመቀየር ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃልም። ፋይሉን ክፈቱ፣ ስቴሪዮ ከሆነ ወደ ሞኖ አዋህዱት። ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን በፊልተር አስወግዱ፤ ስልኩ ለማያሳልፈው ጉርምርምታ ቦታ መያዝ ጥቅም የለውም። የድምፁን ከፍታ ጫፉ ከዜሮ ዴሲቤል ከ3 እስከ 6 ያህል ዝቅ እንዲል አድርጉት፣ ምክንያቱም ጫፍ የነካ ድምፅ ስልክ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ ኤክስፖርት ስታደርጉ 8000 ኸርዝና 16 ቢት ፒሲኤም መሆኑን አረጋግጡ። ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ ሶክስ ወይም ኤፍኤፍኤምፔግ የተባሉት ፕሮግራሞች ሙሉ ፎልደር በአንድ ጊዜ ይቀይሩላችኋል። ሁሉም ፋይሎች እኩል ከፍታ ይኑራቸው፤ ሰላምታው ጮክ ብሎ ሜኑው የሚያንሾካሽክ ከሆነ ደዋዩ ስልኩን ከጆሮው ሲያርቅና ሲያቀርብ ይውላል። ማስተካከያ ካስፈለገም የተቀየረውን እንደገና አትቀይሩ፣ ሁልጊዜ ከዋናው ቅጂ ጀምሩ።

ቀላል ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ የፋይሉን መጠን እዩ። በዚህ ፎርማት የአንድ ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው። 10 ሜጋባይት ካያችሁ ገና የስቱዲዮውን ፋይል ነው የያዛችሁት።

የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁን፣ ክፍት ቦታ አይኑረው፣ በአማርኛም አትሰይሙት። አማርኛ የሚቀበል ሲስተም ቢኖርም እንኳ ነገ ወደ ሌላ ስትዛወሩ ጣጣ ነው። ስሙ ውስጥ ይዘቱንና ቀኑን ጨምሩ፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ» የሚባሉ ፋይሎች ሲደረደሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ወደ መጫኑ ስትገቡ መጀመሪያ አሁን እየሠራ ያለውን ድምፅ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በሲስተሙ የማስተዳደሪያ ገጽ ላይ የቅጂዎችን ቦታ ፈልጉ። ፍሪፒቢኤክስ ላይ «አድሚን» ሥር «ሲስተም ሪኮርዲንግስ» ይባላል፤ ሌሎቹ «ፕሮምፕት»፣ «ግሪቲንግ» ወይም «አውቶ አተንዳንት» ይሉታል። ፋይሉን ጭናችሁ ስም ሰጥታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ብዙዎች እዚህ ያቆሙና «ጭኛለሁ እኮ፣ ለምን አይሰማም?» ይላሉ። መጫን ማለት መመደብ አይደለም። ወደ አይቪአሩ (ለደዋዩ ሜኑውን ወደሚያጫውተው ክፍል) ገብታችሁ ይህ ሰላምታ ይህን ፋይል ያጫውት ብላችሁ መምረጥ አለባችሁ፣ ፍሪፒቢኤክስ ላይ ደግሞ «አፕላይ ኮንፊግ» የሚለውን ቀዩን ቁልፍ እስክትጫኑ ድረስ ምንም አይለወጥም። ደዋይ ሲጠብቅ የሚሰማው ሙዚቃ ቦታው ሌላ ነው፣ ከሰላምታዎቹ ጋር አትፈልጉት።

አስተሪስክን ያለ ገጽ በትእዛዝ የምታስተዳድሩ ከሆነ፣ ፋይሎቻችሁን በድምፆች ፎልደሩ ውስጥ ለራሳችሁ በከፈታችሁት ንዑስ ፎልደር አስቀምጡ፤ ሲስተሙ ሲታደስ ከእሱ ድምፆች ጋር እንዳይደባለቅ። ፋይሉን የአስተሪስክ ተጠቃሚ ማንበብ እንዲችል ፈቃዱን አስተካክሉ። ዲያልፕላኑ (ጥሪው እንዴት እንደሚስተናገድ የሚጻፍበት) ላይ ስሙን ያለ ቅጥያው ጻፉ። የ«ዌቭ» ቅጥያውን ከጨመራችሁ ሌላ ፋይል የሚፈልግ ይመስለውና አላገኘሁም ይላል።

ፋይል መጫኛ የሌላቸው የቆዩ ሲስተሞችም አሉ። እነሱ የሚቀዱት ከስልክ ቀፎ ነው። የኮምፒውተሩን ስፒከር ወደ ቀፎው አስጠግታችሁ እንዳትሞክሩት፤ የክፍሉ ድምፅ ሁሉ ይገባል። ሲስተሙ ከውጭ ተደውሎ መቅዳት የሚፈቅድ ከሆነ ከኮምፒውተር በሶፍትፎን (ኮምፒውተር ላይ በሚሠራ የስልክ ፕሮግራም) ደውሉና ፋይሉን ቀጥታ አጫውቱለት። ለመጠበቂያ ሙዚቃ ብቻ ከሆነ ብዙዎቹ የድምፅ መሰኪያ አላቸው፣ ማጫወቻ በገመድ ማገናኘት ይቻላል።

ፍተሻው ከውጭ መስመር፣ በሞባይል ይሁን። የውስጥ ስልኮች ብዙ ጊዜ ጂ.722ን የመሰለ ሰፋ ያለ ኮዴክ ስለሚጠቀሙ ከጠረጴዛችሁ ደውላችሁ የምትሰሙት ደንበኛው የሚሰማውን ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱን ቁጥር ተጫኑ። ሜኑው ሳያልቅ ተጫኑ፣ ማቋረጥ ይፈቅድ እንደሆነ እዩ። የሌለ ቁጥር ተጫኑ። ምንም ሳትጫኑም ዝም በሉ። ከሥራ ሰዓት በኋላም ደውሉ፣ ወይም የሰዓት ደንቡን ለጊዜው ቀይራችሁ ሞክሩት። ለበዓል የተቀዳው መልእክት መቼ እንደሚነሳ ሲስተሙ ላይ ቀን ማስገባት ከተቻለ አስገቡ፣ ካልተቻለ አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ።